«ኩላሊቴን አመመኝ» ስንል የት ጋ ነው?

ዛሬ የምናወጋው ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ማዳመጫ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ማስታወሻ ይዘው ወደ አልጋችን ስለሚመጡት የሕክምና ተማሪዎች ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል የተኛ ወይም ያስታመመ ሰው በደንብ ያውቃቸዋል። ለነርሷም ለተረኛው ሐኪምም የነገርነውን እንደ አዲስ ከሥሩ ይጠይቁናል። «ይኼ ልጅ ምን ያውቃል? ትልቁን ሐኪም ጥሩልኝ» የሚሉ አያቶችን በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አይፈረድባቸውም፤ የታመመ ሰው ትዕግሥቱ አጭር ነው። ሆኖም ልጆቹ ምን እየተማሩ እንደሆነ ብናውቅ ለእነሱም ለእኛም ይበጃል።

ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በመጽሐፍና በቤተ ሙከራ ያሳልፋል። ከዚያ ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገባ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኙ ሁለት ሙያዎች ይጠብቁታል፤ አንዱ በሽተኛን መጠየቅ፣ ሌላው በእጅ መመርመር ነው። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይለማመዳሉ፤ በአሻንጉሊትም ይሞክራሉ። ነገር ግን አሻንጉሊት «ሌሊት ሌሊት ያልበኛል» አይልም። ያንን የሚነግራቸው በሽተኛው ብቻ ነው።

ጥያቄው ሥርዓት አለው። ቀድሞ የሚጻፈው ወደ ሆስፒታል ያመጣን ነገር ነው፤ ከነጊዜው። ከዚያ እንዴት እንደጀመረ፣ የት እንደሚያም፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን እንደሚያስታግሰው ይጠየቃል። የቀድሞ ሕመም፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የቤተሰብ ሕመም፣ ሥራና ኑሮ ይከተላሉ። አዲስ ተማሪ ይህን ሁሉ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አነጋገር የሚፈትነው። በአገራችን ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴን» ይላል። ሸክም ያነሳም፣ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለም፣ አከርካሪው የታመመም አንድ ቃል ነው የሚጠቀመው። ጎበዝ ተማሪ «ኩላሊት» ብሎ አይጽፍም። «እማማ፣ በጣትዎ ያሳዩኝ» ይላል። ትኩሳት እንዳለ፣ ሽንት ሲሸኑ እንደሚያቃጥል፣ ሕመሙ ሲንቀሳቀሱ እንደሚብስ ይጠይቃል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲባልም ብዙ ጊዜ እጅ የሚያርፈው ከእምብርት በላይ፣ ጨጓራ ጋ ነው።

ተቃራኒውም አለ፤ እሱ ደግሞ ያስፈራል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ በተለይ ስኳር ያለባቸው፣ «ጨጓራዬ ነው» የሚሉት አንዳንዴ የልብ ድካ ሆኖ ይገኛል። ከላይኛው ሆድ ሕመም ጋር ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ድንገተኛ መዛል ካለ ቤት ተቀምጦ ወተት መጠጣት አይደለም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

«ምች መታኝ» የሚለውንም እንውሰድ። ለእኛ ሙሉ መልስ ነው፤ ለተማሪው ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ያንቀጠቅጣል? ሳል አለ? ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር? የመጨረሻዋ ጥያቄ ወሬ ለማሳመር አይደለችም። ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሳልም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ትንሽ ያስለኛል» ከማለት «ከደብረ ታቦር ወዲህ ያስለኛል» ማለት ይሻላል። ቀኑ ቢጠፋንም በዓሉ አይጠፋንም።

በሥራ ላይ ሳለሁ ያየሁትን አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ግፊት ያለባቸው አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ጥያቄውን ሁሉ ትመልሳለች። «መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች» አለች፤ ከልቧ ነው። ግፊቱ ግን አልወርድ ብሏል፤ ሌላ መድኃኒት ሊጨመርላቸው ታስቧል። አንዲት ተማሪ ልጅቷን በትሕትና ውጪ እንድትጠብቅ ለምና፣ አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወደ እናትየው ጠጋ ብላ «እማማ፣ ኪኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ መግዣ ያጣች ጎረቤታቸው ስላለች በየወሩ ግማሹን እንደሚያካፍሏት ነገሯት። ተጨማሪ መድኃኒት ሳያስፈልግ ምክንያቱ ታወቀ። ይህን ያገኘ ማሽን አልነበረም፤ ተቀምጦ መጠየቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው ሙያ እንለፍ። የሰውነት ምርመራ አራት ነገር ነው፤ ማየት፣ መዳሰስ፣ በጣት ማንኳኳት፣ ማዳመጥ። ሆድ ላይ ግን ማዳመጥ ከመዳሰስ ይቀድማል፤ ከተነካካ በኋላ የአንጀት ድምፅ ሊለወጥ ስለሚችል። ማንኳኳትን በጽሑፍ ያወጣው አዌንብሩገር የተባለ የኦስትሪያ ሐኪም ነው፤ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1761 ነበር። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው፤ ሐሳቡ የመጣለት በርሜል እየተንኳኳ የወይኑ ልክ ሲታወቅ አይቶ ነው ይባላል። የጠላ ጋን አንኳክቶ የቀረውን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አየር ያለበት ደረት ክፍት ድምፅ ይሰጣል፤ ውኃ የቋጠረው ይደፈናል። ማዳመጫው ደግሞ በ1816 ፓሪስ ላይ ተጀመረ። ላኔክ የተባለ ሐኪም በአንዲት ወጣት በሽተኛ ደረት ላይ ጆሮውን መለጠፍ ስላሳፈረው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ የልቧንም ምት ጥርት ብሎ ሰማው። ማዳመጫ ከይሉኝታ ተወለደ ማለት ይቻላል።

ለወላጆች ደግሞ ሁለት ነገር ልጨምር። ተማሪው ሕፃኑን ሳይነካ፣ ሰዓቱን እያየ ዝም ብሎ ቢቆም ሥራ የፈታ አይምሰላችሁ፤ ትንፋሽ እየቆጠረ ነው። የሚቆጠረው ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። ሳል ያለበት ከ2 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ያለው ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳንባ ምች ያሰጋል። ስለዚህ ልብሱን ከደረቱ ገለጥ አድርጋችሁ፣ አቅፋችሁ አረጋጉት።

ሁለተኛው የጉሮሮ ነገር ነው። ልጁ ሲሮጥ ይደክመዋል ብላችሁ ስታመጡት ተማሪው «ከዚህ በፊት ቶንሲል አሞት ነበር? ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ያውቃል?» ቢላችሁ፣ «ያ አለፈ» ብላችሁ አትተዉት። በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን አሳምሞ ያልፋል፤ የልብ በርን ግን ሊጎዳ ይችላል። ያን ጉዳት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠቁመው በማዳመጫ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሕመሙን በበሽታ ስም ሳይሆን በቦታና በጊዜ እንንገር። የምንወስደውን ኪኒን ከነመያዣው እንያዝ። ዳማ ከሴም ሆነ ኮሶ፣ ጸበልም ሆነ የጎረቤት ኪኒን አንደብቅ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አያት ራሳቸው መናገር ከቻሉ ቀድመን አንመልስላቸው። ተማሪው በተራችን ይህን ሁሉ ሲጠይቅ «ቅድም ተናግሬያለሁ» ብለን አንቁረጠው፤ ሲደገም የተረሳ ነገር ይታወሳል።

መብታችንንም እንወቅ። ተማሪው ስሙንና ተማሪ መሆኑን መናገር፣ ሳይነካን ፈቃድ መጠየቅ፣ መጋረጃ መሳብና የሚመረምረውን ብቻ መግለጥ አለበት። ሴት በወንድ ስትመረመር ሌላ ሴት አጠገቧ እንድትሆን መጠየቅ ትችላለች። አልፈልግም ማለትም መብት ነው፤ እንቢ ስላልን ሕክምናችን አይጓደልም።

ቤታችሁ የሕክምና ተማሪ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ ቡና ሲፈላ የአያቱን የጉልበት ሕመም ከሥሩ ጀምሮ ይጠይቃቸው፤ ግፊታቸውን ይለካ፣ ልምምድ ነው። መድኃኒት እንዲያዝላቸው ግን አትጠይቁት፤ ገና እየተማረ ነው። መሐል ላይ ሲያቋርጣቸው ካያችሁ «ጨርሰው ይናገሩ፣ አስጨርሳቸው» በሉት። ይህን ከቤቱ ተምሮ የሄደ ልጅ፣ ነገ የማያውቃቸውን እናት አልጋ አጠገብ ወንበር ስቦ ይቀመጣል።

ለሳምንት በጤና ያገናኘን።