ከፍርዱ በኋላ ያለው ሥራ
የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 ውርጃን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ ነገሩ ያበቃለት መስሎ ነበር። በዓመቱ ካቶሊካዊቷ የሕግ ባለሙያ ኔሊ ግሬይ በጥር ብርድ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ጠሩ፤ ሰልፉም በየዓመቱ ቀጠለ። እሳቸው በ2012 አረፉ፤ ፍርዱ የተሻረው በ2022 ነው። ፍሬውን ሳያዩ እንዲህ መጽናት፣ እምነት የምለው ይህንን ነው። ዮሐንስ በኤልሳቤጥ ማኅፀን በደስታ መዝለሉን በሉቃስ ወንጌል የምናነብ እኛስ፣ ጽንስን ሰው አይደለም የምንልበት ድፍረት ከየት ይመጣል? ግን ሕግ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። ያስረገዛት የከዳት፣ ቤተሰቧ ያባረራት ልጅ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትደርስ ሐሜት ከጠበቃት፣ ለጽንሱ ቆመናል ማለት አንችልም። ምእመናን ሆይ፣ እርጉዟን አስጠጓት፤ ለአራስ ቤቷና ለቤት ኪራይዋ አዋጡ፤ ልጇንም ክርስትና አንሡላት።