ደመወዝና ግብር በውጭ አገር

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ወይም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ተልከው ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶቻችን አስቀድመው የሚጠይቁት ደመወዙ ስንት እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ ከዚህ ደመወዝ ላይ ግብር የሚቀበለው የትኛው መንግሥት ነው፣ የሚቀበለውስ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ይህን ሳይጠይቅ፣ በውሉ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ ለወላጆቹ ወርኃዊ ገንዘብ፣ ለታናሽ እኅቱም የትምህርት ቤት ክፍያ ቃል የሚገባ ሰው፣ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ያላለበውን ወተት ያከፋፍላል።

ከሁሉ በፊት መታወቅ የሚገባው፣ ግብር ፓስፖርትን ብቻ ተከትሎ የሚሄድ አለመሆኑ ነው። አብዛኞቹ አገሮች የሚመለከቱት ሰውዬው ነዋሪ የሆነበትን አገርና ገንዘቡ የተገኘበትን ሥፍራ ነው። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነዋሪ የሚለው፣ መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነውን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በአገር ውስጥ የቆየውን፣ እንዲሁም በውጭ አገር የተመደበውን ኢትዮጵያዊ ዲፕሎማትና ቆንስል ነው። አዋጁ የነዋሪውን ገቢ የሚመለከተው በየትም አገር ቢገኝ ነው። ስለዚህ በኤምባሲ የተመደበ ወጣት ሹም ከአገሩ ግብር ወጥቻለሁ ብሎ ማሰብ አይገባውም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 የተፈረመው የቪየና የዲፕሎማቲክ ግንኙነት ስምምነት በተላከበት አገር ከደመወዙ ግብር ነፃ ያደርገዋል፤ ነፃነቱ ግን በዚያው አገር በግል ለሚያገኘው ገቢ አይደርስም።

ወደ አሜሪካ ለትምህርት የሚሄደውን ደግሞ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል። በኤፍ 1 ቪዛ የገባ ተማሪ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለግብር ጉዳይ እንደ ነዋሪ አይቆጠርም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ዓመታት ምንም ገቢ ባይኖረው እንኳ ቅጽ 8843ን ሞልቶ መላክ አለበት። ለዲግሪ ከሚሰጠው የነፃ ትምህርት ገንዘብ ለትምህርት ክፍያና ለመጻሕፍት የሚውለው ግብር የለበትም፤ አሜሪካ ውስጥ ከሚገኝ ድርጅት ተሰጥቶ ለቤትና ለምግብ የሚውለው ግን ግብር አለበት።

ሥራ ሲያዝም ከፌዴራሉ ግብር ሌላ የየስቴቱ ግብር አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያስከፍላሉ፤ ቴክሳስ በደመወዝ ላይ አያስከፍልም። ደመወዙ እኩል ሆኖ ሳለ ኪስ የሚገባው እኩል የማይሆነው ስለዚህ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰውም ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ቢሠራ፣ የደመወዙንና የቤት ኪራዩን ገቢ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት የማስታወቅ ግዴታ አለበት። በኢትዮጵያ የከፈለው የገቢ ግብር በሕጉ ልክ እንዲካካስለት መጠየቅ ይችላል፤ ለመጠየቅ ግን ደረሰኝ ያስፈልገዋል።

በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከሠራተኛ ደመወዝ የገቢ ግብር አይቆረጥም። በባሕረ ሰላጤው ይህ ለዘለዓለም የጸና ነገር አለመሆኑን ግን የኦማን ምሳሌ ያሳያል። ኦማን በ2025 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከ2028 ጀምሮ በዓመት ከ42,000 ሪያል በላይ በሆነው ገቢ ላይ 5 በመቶ ግብር ይከፈላል።

እንግዲህ ወጣቶቻችንን የምንመክረው ይህን ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የተጻፈው ደመወዝ ግብር የተቀነሰለት ይሁን ያልተቀነሰለት በጽሑፍ ጠይቁ። ከአገር የወጣችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን መዝግቡ፤ የ183 ቀን ሒሳብ በቃል አይረጋገጥምና። የደመወዝና የግብር ማስረጃዎቻችሁን ከዲፕሎማችሁ እኩል ጠብቁ። ለቤተሰብ ቃል የሚገባው ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ይሁን። ከትልቅ ቁጥር ተነሥቶ በሦስተኛው ወር ከሚቋረጥ ርዳታ ይልቅ፣ አነስተኛም ቢሆን በየወሩ ሳይጓደል የሚደርስ ገንዘብ ቤት ያቆማል።