ምጥ በሌሊት ሲጠና

እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ በጎንደር አቅራቢያ ያለችው ደምቢያ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ካጣች ገና ዓመት ያህል ነበር። ሐኪም እጅግ በጣም ጥቂት በነበረበት አገር ጤና መኮንኖችን የማሠልጠኑ ውሳኔ ትክክል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ደግሞ ከጤና መኮንኖች የተወሰኑት በሦስት ዓመት የማስተርስ ሥልጠና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሙያ ተምረዋል። ምጥ ጠንቶባት በሌሊት ገጠር ሆስፒታል የደረሰችን እናት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዷት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው፤ ስፔሻሊስቱ ያለው ከተማ ነው። ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያና ደም በሌለበት ብቻቸውን መተው እነሱንም እናቲቱንም መበደል ነው። ጤና ሚኒስቴር ከማስተርሱ በኋላ የሚያድጉበትን መንገድ በግልጽ ይወስንላቸው። ሪፈራል ሆስፒታሎችም ልምድ ያላቸውን ቀዶ ሐኪሞች በየጊዜው እየላኩ አብረዋቸው እንዲሠሩ ያድርጉ።