ማዕዘን እንዴት ደነዝ ይባላል?

አንድ ቀን ጧት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ማዕዘን ዓይነቶች ሳስተምር፤ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ አስነሣሁና በጥቁር ሰሌዳው ላይ የሣልሁት የ120 ዲግሪ ማዕዘን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቅሁት። ልጁ ዝም አለ። ደግሜ ብጠይቀውም ዝም አለ። እኔም ቀልደኛ ለመምሰል ብዬ፤ «ማዕዘኑ ‹ኦብትዩስ› ነው፤ አንተም ራስህ ‹ኦብትዩስ› ነህ» አልሁት። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ከማዕዘን ስምነቱ ሌላ «ነገር የማይገባው፤ ደነዝ» የሚል ትርጉም እንዳለው የሚያውቁት ጥቂቶች ሳቁ፤ የቀሩትም እነሱን አይተው ሳቁ።

ደወል ከተደወለ በኋላ ልጁ ቀረብ ብሎ፤ «መምህር፤ ያሉኝን ቃል ከመዝገበ ቃላት አየሁት። እኔስ ይሁን፤ ማዕዘን እንዴት ደነዝ ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን አላውቀውም ነበር። በኮሌጅ ሳለሁ ቃሉን ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አይቈጠርም፤ ከየት እንደ መጣ ግን አንድ ቀን እንኳ አልመረመርሁም። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁትና መጻሕፍት ሳገላብጥ አመሸሁ። ያገኘሁትን ለውድ አንባቢዎቼም ላካፍል።

ቃሉ የላቲን ነው። «ቱንዴሬ» ማለት መምታት፤ መውቀጥ ማለት ነው። «ኦብ» የሚለው ባዕድ መነሻ ሲጨመርበት «ኦብቱንዴሬ» ይሆንና ትርጉሙ ስለቱ እስኪጠፋ ድረስ መቀጥቀጥ ይሆናል። እንግዲህ «ኦብቱሱስ» ማለት ተመትቶ ተመትቶ የዶለዶመ ማለት ነው። ሮማውያን ይህንኑ ቃል ስለቱ ለጠፋ መሣሪያም፤ ለፈዘዘ አእምሮም ይናገሩበት ነበር። ዛሬም ሐኪሞች ሰውነት በምት ሲበልዝ «ኮንቱዥን» የሚሉት ከዚሁ ከ«ቱንዴሬ» የተወለደ ቃል ነው።

ተቃራኒው «አኪዩት» ነው። ይኸውም በላቲን «አኩስ» ከሚባለው ከመርፌና «አኩኤሬ» ከሚባለው ከመሳል ጋር ዘመድ ነው። ስለዚህ ከ90 ዲግሪ የሚያንሰው ማዕዘን እንደ መርፌ የሚወጋ ሹል ሲባል፤ ከ90 በልጦ ከ180 የሚያንሰው ደግሞ የማይወጋ ዶልዷማ ተባለ። በድንገት ተነሥቶ የሚበረታውን በሽታ ሐኪሞች «አኪዩት» የሚሉትም ከዚሁ ከስለት የመጣ አነጋገር ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን የጀመሩት ሮማውያን አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት የነበረው የግሪኩ ሊቅ ኤውክሊድ የጂኦሜትሪ መጽሐፉን ሲጀምር፤ አንዱን ማዕዘን «ስል»፤ ሁለተኛውን «ያልሰላ» በሚሉ የግሪክ ቃላት ጠርቷቸዋል። ላቲኖች ትርጉሙን ወደ ቋንቋቸው መለሱት፤ ሄንሪ ቢሊንግስሊ የተባለውም እንግሊዛዊ የኤውክሊድን መጽሐፍ ተርጉሞ በ1570 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ሲያሳትም የላቲኑን ቃል ተጠቀመበት። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የተማሪ ቤት ቃል ሆኖ ቀረ።

እኛም ብንሆን ከዚህ አነጋገር አልራቅንም። ቢላዋው ደነዘ እንላለን፤ ሰውየው ደነዝ ነው እንላለን። ስል ቢላዋ እንላለን፤ የሰላ አእምሮ እንላለን። በአማርኛ የተጻፉት የሒሳብ መጻሕፍት ግን ከዚህ ስድብ ማዕዘኑን አድነውታል፤ «ዝርጥ ማዕዘን» ብለው ይጠሩታልና። እንግዲህ የልጁ ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ማዕዘኑ ስሙን ከሰው አልወሰደም፤ ሰውም ከማዕዘን አልወሰደም። ሁለቱም የተዋሱት ከቢላዋ ነው።

በማግሥቱ ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርሁት። «ተመትቶ የዶለዶመ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያም በቀድሞው ተማሪ ቤት የተሳሳተ መልስ የሰጠ ተማሪ ሁሉ እጁን በማስመሪያ ይመታ እንደ ነበር፤ ዝም ያለ ግን ተሰድቦ ብቻ ይቀመጥ እንደ ነበር አጫወተኝ። ስለዚህ ዝምታን የመረጠው ነገር ስላልገባው ሳይሆን፤ ሒሳቡን በሚገባ አስቦ ኖሯል። እኔ ደግሞ የስድቡን ድርሻ ጨመርሁለት። በክፍሉ ፊት የሰደብሁትን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት።

የአንድ ቃል ምንጭ ለሁሉ ነገር ማስረጃ ይሆናል ማለቴ አይደለም፤ ቃላት ከተወለዱበት ቤት ርቀው ይሄዳሉ። ሆኖም እኛ አስተማሪዎች «ይህ ልጅ ደነዝ ነው» ለማለት በቸኰልን ጊዜ አንድ ጥያቄ ብናስቀድም አይጎዳንም። ቢላዋ ከአንጥረኛው እጅ ሲወጣ ስል ነበር፤ ከምን ጋር ተጋጭቶ ዶለዶመ? ደግሞስ የዶለዶመ ቢላዋ ይሳላል እንጂ ይጣላልን?

ከሳምንት በኋላ ያ ልጅ ሳይጠየቅ እጁን አወጣ። «መምህር፤ አንድ ሦስት ማዕዘን ሁለት ዝርጥ ማዕዘኖች ሊኖሩት ይችላል?» አለ። አይችልም፤ የሦስቱ ድምር 180 ነውና፤ ከ90 የሚበልጡ ሁለት ማዕዘኖች ብቻቸውን ድምሩን ያልፉታል። መልሱን ግን እኔ አልተናገርሁም። ጠመኔውን ሰጠሁትና ራሱ ሰሌዳው ላይ አስረዳ።