መዝገቡ ባይፋቅም ጸሐፊው ይጠንቀቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ብሎክቼይን ስለሚባለው የመዝገብ አያያዝ ብዙ ይነገራል። አንዳንዱ የቢትኮይን ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ ሐሰትን ሁሉ የሚያጠፋ መድኃኒት አድርጎ ያወድሰዋል። ሁለቱም አስተያየት ከልክ ያለፈ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ይብራራ ዘንድ ይህን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

አባቶቻችን የርስትን ስጦታና ውልን በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ፣ የምስክሮችን ስም ጨምረው ይጽፉ ነበር። የብሎክቼይንም መሠረት ከዚህ አይርቅም፤ ይኸውም ምስክርን ማብዛት ነው። መዝገቡ በአንድ መሥሪያ ቤት ሣጥን ተቈልፎ ከመቀመጥ ይልቅ ቅጂው በብዙ ኮምፒዩተሮች ይያዛል። እያንዳንዱም ገጽ ካለፈው ገጽ ጽሑፍ የተሰላ የቁጥር ማኅተም አለው። አንዲት ፊደል ብትለወጥ ማኅተሙ ስለሚለወጥ ተከታዮቹ ገጾች አይገጥሙም፤ በሌሎች እጅ ያለው ቅጂም አጭበርባሪውን ያጋልጠዋል።

ሐሳቡ ከቢትኮይን የቀደመ ነው። ስቱዋርት ሀበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1991 ጽፈውበታል። ከ1995 ጀምሮም ያቋቋሙት ሹሪቲ የተባለው ኩባንያ የመዝገቡን ማኅተም በየሳምንቱ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ያሳትም ነበር። በብዙ ሺህ አንባቢ እጅ የገባውን ጋዜጣ ሰብስቦ ሊፍቅ የሚችል ማን ነው?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የ3,500 ትምህርት ቤቶችና የ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ውጤት በካርዳኖ ብሎክቼይን እንዲመዘገብ የትምህርት ሚኒስቴርና አይ.ኦ.ኤች.ኬ. የተባለው ኩባንያ መስማማታቸው በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተገልጾ ነበር። የሐሰት የምስክር ወረቀት ቀጣሪን እያታለለ፣ በላቡ የተማረውን ወጣት ወደ ኋላ ስለሚያስቀር ዓላማው የሚደገፍ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ሥራ የሚያቅድ ሁሉ ሦስት ነገሮችን ሊያስብ ይገባዋል።

አንደኛ፣ መዝገቡ የተጻፈውን ይጠብቃል እንጂ የሚጻፈውን አይመረምርም። 45 ያገኘ ተማሪ 85 ተብሎ ከገባ፣ ሐሰቱም እንደ እውነቱ ተከብሮ ይኖራል። ስለዚህ ውጤቱ ከመግባቱ በፊት ሁለት ኃላፊዎች አመሳክረው ይፈርሙበት፤ ስሕተትም ቢገኝ ማረሚያው በግልጽ በአዲስ መስመር ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ቅጂዎቹ ሁሉ በአንድ አካል እጅ ከሆኑ ምስክርነቱ ስም ብቻ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎችና የክልል ትምህርት ቢሮዎች የየራሳቸውን ቅጂ ይያዙ።

ሦስተኛ፣ በማይፋቅ መዝገብ ላይ የሰው ገመና አይጻፍ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ስለዚህ የተማሪው ስምና ውጤት በሚታረም መዝገብ ተቀምጦ፣ በብሎክቼይኑ ላይ ማኅተሙ ብቻ ቢሰፍር ይበቃል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት የመዝጋቢው ታማኝነትና ሥርዐቱ ይቅደም እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ