ጨዋታ ቁስል ያሽራልን?

በአሜሪካ አገር ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ በየካቲት ወር፣ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሙቀት ወዳለባቸው ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ወርደው ልምምድ ይጀምራሉ። ከዚያም በመጋቢት አጋማሽ ግድም የውድድሩ ወራት ይከፈታል። 30ዎቹ ታላላቅ ቡድኖች እያንዳንዳቸው 162 ጊዜ ይጋጠማሉ፤ አሸናፊው እስኪለይም ጥቅምት ይደርሳል። እኛም ይህን ጨዋታ ከሚወዱት ወገን ስለ ሆንን፣ ወራቱ በተቃረበ መጠን ልባችን ወደ ሜዳው መሳቡን አንክድም።

ይህን ስንናገር የሚሰሙን አንዳንድ ወዳጆቻችን ግን፣ «ዓለም በጦርነትና በችግር ተይዞ ሳለ፣ ዱላ ይዞ ኳስ መጠበቅ ምን ይረባል?» ይሉናል። የጨዋታው ወዳጆች በበኩላቸው ቤዝቦል ሐዘንተኛን ያጽናናል፣ የሕዝብንም ቁስል ያሽራል ይላሉ። ከሁለቱ ወገን የትኛው እውነት እንዳለው መመርመር ይገባል።

የጨዋታው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ መቺውም አራቱን ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ነጥብ ይቆጠርለታል። ከ10 ሙከራ 3 ጊዜ የሚሳካለት መቺ እንደ ጎበዝ ይቆጠራል። እንግዲህ ከሁሉ የበለጠው ተጫዋች እንኳ ከሚሳካለት የማይሳካለት ይበዛል ማለት ነው። ነገር ግን ዛሬ የተሸነፈ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ በማግሥቱ እንደ ገና ወደ ሜዳ ይወጣል። የጨዋታው ኃይል ያለው በዚህ በየቀኑ ተመልሶ በመምጣቱ ነው ብለን እናምናለን። በአገራችንም ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት የሞተውን አያስነሣም፤ ነገር ግን ማልዶ መጥቶ አብሮ ስለሚቀመጥ ሐዘንተኛው ይጽናናል።

ይህን የተረዱ መሪዎች ነበሩ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለንና፣ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ማግሥት፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1942፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ውድድሩ ባይቋረጥ እንደሚሻል ለጨዋታው የበላይ ኃላፊ ጻፉ። ምክንያታቸውም፣ ሕዝቡ ከቀድሞው ይልቅ ረጅም ሰዓት በብርቱ የሚሠራ ስለ ሆነ፣ ድካሙን የሚረሳበት ጊዜ ያስፈልገዋል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ ተጫዋቾቹ ከግዳጅ ነጻ አልተደረጉም፤ ከታላላቆቹ ቡድኖች ብቻ ከ500 የሚበልጡት በጦር ኃይሎች አገልግለዋል። በ2001ም ሴፕቴምበር 11 ቀን በኒውዮርክ ላይ ያ ታላቅ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ በከተማይቱ የመጀመሪያው ጨዋታ የተደረገው በ10ኛው ቀን ነው። የሜትስ ቡድን ተጫዋች ማይክ ፒያሳ ኳሷን ከአጥር ማዶ ባሻገራት ጊዜ፣ ለብዙ ቀን አንገቱን ደፍቶ የሰነበተው ሕዝብ እልል አለ።

ከዚህም ይልቅ ልባችንን የሚነካው የጃፓኗ የሴንዳይ ከተማ ታሪክ ነው። ማርች 11 ቀን 2011 የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል የጃፓንን ሰሜን ምሥራቅ ጠረገው። የሞቱትና የጠፉት ከ18,000 በላይ ናቸው። ራኩተን የሚባለው የሴንዳይ ቡድን ሜዳም ተጎዳ። ይህ ቡድን በ2005 ሲጀምር 97 ጊዜ ተሸንፎ መጨረሻ የወጣ ደካማ ቡድን ነበር። በ2013 ግን ለአገሩ የመጨረሻ ግጥሚያ ደረሰ። ወርዋሪው ማሳሂሮ ታናካ በመደበኛው ውድድር 24 ጊዜ አሸንፎ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም ነበር። በስድስተኛው ግጥሚያ 160 ኳስ ወርውሮ ተሸነፈ። በማግሥቱ፣ ኖቬምበር 3 ቀን፣ ክንዱ ሳያርፍ በመጨረሻው ዙር በዝናብ መካከል እንደ ገና ወጣ፤ ቡድኑም 3 ለ 0 አሸነፈ።

ያን ሌሊት በሴንዳይ ደስታ ሆነ። ነገር ግን የሞቱት አልተመለሱም፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው ብዙዎችም ገና በጊዜያዊ መጠለያ ነበሩ። እንግዲህ ጨዋታው ምን አደረገ ቢባል፣ ሰው ለነገ ደግሞ የሚነሣበትን ብርታት ሰጠ እንላለን። ቤቱን የሚሠራው ግን አናጢውና ግንበኛው ነው። የወዳጆቻችን ነቀፌታ እውነት የሚሆነውም ጨዋታ የሥራን ቦታ ሲወስድ ብቻ ነው።

ደግሞም ሳንሸሽግ መናገር ያለብን አንድ ነገር አለ። ጨዋታው ራሱ ያቆሰላቸው ሰዎች ነበሩ። ጥቁር አሜሪካውያን ከታላላቆቹ ቡድኖች ተከልክለው ለብቻቸው በተቋቋሙ ማኅበሮች ሲጫወቱ ኖሩ። ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ የተሰለፈው አፕሪል 15 ቀን 1947 ነው። ጆሽ ጊብሰን የሚባለው ታላቅ መቺ ግን በዚያው ዓመት በጃንዋሪ፣ በሩ ሊከፈት ሦስት ወር ሲቀረው፣ በ35 ዓመቱ ሞተ። በአገራችን በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ዱላ ይዘው ይጋጠማሉ፤ ጌታም ቢመታ አይቆጣም። በአሜሪካ ሜዳ ይህ እኩልነት የተገኘው በብዙ ትዕግሥትና በብዙ ስድብ ነው።

ይህ ቁስል በእልልታ አልሻረም፤ ደግሞም በአንድ ቀን አልሻረም። በ2024 የጨዋታው አስተዳደር የጥቁሮቹን ማኅበሮች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር አዋሐደ። ያን ጊዜ ጊብሰን ከ1,000 ሙከራ 372 ምት ይዞ፣ ለብዙ ዘመን አንደኛ የነበረውን ታይ ካብን አልፎ በመዝገቡ ራስ ላይ ተቀመጠ። ከሞተ 77 ዓመት ሆኖት ነበር። እርሱ ይህን አላየም፤ የሚያነብ ልጅ ግን ዛሬ እውነቱን ያገኛል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ጨዋታ ያጽናናል፤ የሚያሽረው ግን ማጽናናት ከእውነትና ከሥራ ጋር ሲገናኝ ነው። መዝገብ በእጃችሁ ያለ ወጣት ሠራተኞችና ነገ የምትረከቡት ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ። ስሙ የተዘለለውን ሰው በስፍራው መጻፍ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንድ መስመር ማቃናት አንዳንድ ጊዜ ከብዙ የማጽናኛ ንግግር ይበልጣል።

እኛም የሚመጣውን ወራት በዚህ መንፈስ እንጠብቃለን። በመክፈቻው ቀን ሁሉም ቡድን ያለ ሽንፈት ይጀምራል፤ አፕሪል 15 ቀንም ተጫዋቾቹ ሁሉ የሮቢንሰንን 42 ቁጥር ለብሰው ይወጣሉ። የምንወደው ቡድን ይሸነፍብን ይሆናል፤ ቢሸነፍም በማግሥቱ ሌላ ጨዋታ አለው። እኛም የእርሱን ተመልክተን ወደየሥራችን እንመለስ።