“ካድሬ”፦ የቃሉ አመጣጥና ለመንግሥት ሠራተኛው የሚሰጠው ትምህርት

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞችም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ቀበሌዎች “ካድሬ” የሚለውን ቃል የማያውቅ ጎልማሳ ማግኘት አዳጋች ነው። ቃሉ አንዳንዴ የሥራ መጠሪያ፣ አንዳንዴም መንቀፊያ ሆኖ ያገለግላል።

“ካድሬ” ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ “ክፈፍ” ማለት ነው። በጦር ሠራዊት ዘንድ ክፍሉን አቅፈው የሚይዙት ቋሚ መኮንኖች በዚሁ ስም ተጠሩ። በኋላም የሶቪየት ኅብረት ኮሙኒስቶች ለሠለጠኑ የፓርቲ ሠራተኞች አዋሉት።

በአገራችን ቃሉ የተስፋፋው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። በ1968 ዓ.ም የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ ሠልጥነው ወደየአካባቢው የተሰማሩት ሰዎች ካድሬዎች ተባሉ። አማርኛ ቀድሞም “ጭፍራ” እና “ባለሟል” የሚሉ ቃላት ነበሩት። እነዚህ ለአንድ ጌታ ማደርን ሲያመለክቱ፣ “ካድሬ” ግን ለድርጅት መታመንን ያመለክታል። ደርግ በ1983 ዓ.ም ሲወድቅም ቃሉ አብሮ አልወደቀም፤ ወደ አዲሱ ገዥ ድርጅት ተሻገረ።

እንዲህ ያለ ስያሜ ምን ያህል ክብደት እንዳለው በግልጽ የታየው በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ወቅት ነበር። በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራርነት ያገለገሉ አርሶ አደሮች “ቢሮክራሲ” ተብለው ተመደቡ። ሌላው አርሶ አደር እስከ 3 ሄክታር እንዲይዝ ሲፈቀድለት፣ የእነርሱ ጣሪያ 1 ሄክታር፣ ማለትም 4 ጥማድ ብቻ ሆነ። በመዝገብ ቃሉ የአሠራር ሥርዓት መጠሪያ ነው፤ በጎጃም ገጠር ግን የሰው መለያ ሆነ። ጉዳቱም ከግለሰቡ አልፎ በቤተሰቡ ጎተራ ላይ አረፈ። አቤቱታቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ የተጓዙ የጎጃም ገበሬዎች እንደነበሩም ይታወሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በአንድ ሥርዓት የታማኝነት ማዕረግ የነበረ ኃላፊነት፣ በተከታዩ ሥርዓት የመሬት መቀነሻ ምክንያት ሊሆን ችሏል። ለአንድ ድርጅት ደጋፊ መሆን የዜጋ መብት ነው፤ ማዳበሪያ ማከፋፈል፣ የይዞታ ደብተር መስጠትና አቤቱታ መስማት ግን የመንግሥት ሥራ ነው። ሁለቱ በተቀላቀሉ ቁጥር፣ ሥርዓት ሲለወጥ ዕዳውን የሚከፍለው አርሶ አደሩ ይሆናል። በመሆኑም የወረዳና የቀበሌ ሠራተኛ ባለጉዳዩን በተለጠፈበት ስም ሳይሆን በያዘው ጉዳይ ሊያስተናግደው ይገባል።